የሐሳብ ጨረቃና የሰማይ ጨረቃ

በባሕረ ሐሳብ የምትቈጠረው ጨረቃና በሰማይ የምትታየው ጨረቃ ሁልጊዜ በአንድ ቀን አይገናኙም። ይህን አይቶ አንዳንዱ ሰው አባቶች ተሳስተዋል ይላል፤ ሌላውም ለአባቶች ክብር ሲል የዓይኑን ምስክርነት ይክዳል። የሁለቱም ስሕተት የቍጥሩን ጠባይ ካለመመርመር የመጣ ነው።

የሰማይ ጨረቃ አካሄድዋ ወጥ አይደለም፤ ወደ ምድር ስትቀርብ ትፈጥናለች፥ ስትርቅ ትዘገያለች። ስለዚህ ከልደትዋ እስከ ልደትዋ ያለው ጊዜ አንዳንድ ጊዜ 29 ቀን ከ7 ሰዓት ያህል፥ አንዳንድ ጊዜም 29 ቀን ከ20 ሰዓት ያህል ይሆናል። ይህም ነገር በእስክንድርያ የተሰወረ አልነበረም፤ በጥሊሞስ የተባለው የከዋክብት መርማሪ በ2ኛው መቶ ዓመት በዚያችው ከተማ ሆኖ የጨረቃን መፍጠንና መዘግየት በመጽሐፉ ጽፎታል።

ሆኖም የዘመን ቍጥር ሊቃውንት የፋሲካን ቀን ሲያወጡ ይህን ሁሉ አውቀው ትተው፥ ሁልጊዜ እኩል የምትሄድ ጨረቃን በሐሳብ አቆሙ። ወርዋን አንዱን 30፥ አንዱን 29 አድርገው ዓመትዋን 354 ቀን አሉ፤ ይህ ከ365 ሲቀነስ 11 ይተርፋል፥ እርሱም ጥንተ አበቅቴ ነው። በ19 ዓመትም ዙሩ ይመለሳል። ነገር ግን 11 በ19 ቢባዛ 209 ሆኖ፥ ለ7 ጊዜ 30 አንድ ቀን ይጐድለዋል፤ ስለዚህ በዙሩ መጨረሻ አበቅቴ በ11 ፋንታ በ12 እንዲጨምር አደረጉ።

በዚህም ትልቅ ጥቅም ተገኘ። ሰማይ በደመና ቢሸፈን እንኳ፥ በቆላም በደጋም ያለ ካህን ወንበሩን አስልቶ ከሩቅ ወንድሙ ጋራ በአንድ ቀን ይጾማል፥ በአንድ ቀንም ያከብራል። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ፋሲካ በአንድነት እንዲከበር ሲወስኑ የፈለጉት ይህን አንድነት ነው።

ዋጋውም አልቀረም። 19 ዓመት በ365 ቀን ከሩብ ሲታሰብ ከ235 የጨረቃ ወራት በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበልጣል፤ ይህም በ300 ዓመት ያህል አንድ ቀን ይሆናል። ከኒቅያ ጉባኤ ወዲህ የተጠራቀመው ከ5 ቀን አልፏል።

ሐሳብ በግዕዝ ቍጥር ማለት ነው፤ ቍጥርም ለመለኪያ የተሠራ እንጂ የሚለካውን ነገር የሚተካ አይደለም። እንግዲህ መምህሩ ለደቀ መዝሙሩ አበቅቴንና መጥቅዕን ሲያስተምር ሊቃውንት ምን እንደ ተዉና ስለ ምን እንደ ተዉት አብሮ ቢነግረው፥ ልጁ በሌሊት ወጥቶ ሰማይን ባየ ጊዜ አባቶቹንም ዓይኑንም ሳይጠራጠር ይመለሳል።