ድኝና ጥቀርሻ፦ የባዮጋዝ ፊውል ሴል ሁለት ጠንቆች

ከእበትና ከፍሳሽ ቆሻሻ የሚገኘው ባዮጋዝ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሜቴን ነው። ይህን ጋዝ በነበልባል ሳያነድዱ በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጡ መሣሪያዎች አንዱ ሶሊድ ኦክሳይድ ፊውል ሴል ይባላል። ከ600 እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት፣ ኦክሲጅን በስስ የሴራሚክ ንጣፍ ውስጥ ከአየሩ ወገን ወደ ጋዙ ወገን ያልፋል፤ በዚያም ከነዳጁ ጋር ሲዋሐድ የሚለቀቁት ኤሌክትሮኖች በሽቦ ዞረው ሥራ ይሠራሉ። መሣሪያው ከነዳጁ ኃይል ግማሽ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ሊለውጥ ስለሚችል በነዳጅ ቁጠባ ከአነስተኛ ጄኔሬተሮች እጅግ ይልቃል።

ደካማው ጎኑ ጋዙ የሚገባበት ወገን፣ ማለትም አኖዱ ነው። አኖድ አብዛኛውን ጊዜ ከኒኬልና ከሴራሚክ ድብልቅ ይሠራል። ኒኬል የተመረጠው ከፕላቲነም እጅግ የረከሰ በመሆኑና ሜቴንን የመበተን ኃይሉ ብርቱ ስለሆነ ነው፤ ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚሁ ብርታት ነው። ሜቴን ያለ በቂ የውኃ እንፋሎት ከጋለ ኒኬል ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጂኑ ይለቀቅና ካርቦኑ እንደ ጥቀርሻ ይቀራል። እንደ ድስት ጥላሸት በላዩ ተለጥፎ ቢቀር ነገሩ በቀለለ ነበር። ካርቦኑ ግን ወደ ኒኬሉ ውስጥ ዘልቆ እንደ ቀጭን ክር እየበቀለ የኒኬሉን ቅንጣቶች ከሥፍራቸው ይነቅላል፤ አኖዱም እየተሰነጣጠቀ ይፈርሳል።

የተለመደው መከላከያ ለአንድ እጅ ሜቴን ሁለት እጅ ወይም ከዚያ በላይ እንፋሎት መቀላቀል ነው። በባዮጋዙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ጥቂት ያግዛል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። እንፋሎቱ ሲበዛ ደግሞ ነዳጁን ያሳሳና ኃይሉን ይቀንሳል። ውኃውም ከማዕድናት የጠራ መሆን ስላለበት ሌላ ወጪ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ጠንቅ ድኝ ነው። በባዮጋዝ ውስጥ የሚገኘው እንደ ገማ እንቁላል በሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ መልክ ነው። ከእበት በሚገኝ ባዮጋዝ ውስጥ መጠኑ ከሚሊዮን እጅ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠር እጅ ይደርሳል፤ በኒኬል አኖድ ላይ ግን ከሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ ኃይሉን በሚታይ መጠን ሊቀንስ ይችላል። ድኙ በኒኬሉ ላይ ተጣብቆ ነዳጁ የሚሠራበትን ሥፍራ ይይዛል። ቆይታው አጭር ከሆነ ንጹሕ ጋዝ ሲገባ ኃይሉ በአመዛኙ ይመለሳል፤ ሲረዝም ግን ሙሉ በሙሉ አያገግምም። የሚያስገርመው፣ ጥቂት ድኝ የካርቦኑን ክር እድገት እንደሚገታ በኬሚካል ኢንዱስትሪ የታወቀ መሆኑ ነው፤ ለፊውል ሴል ግን አንዱን ጠንቅ በሌላው መለወጥ ነው።

ተመራማሪዎች ኒኬሉን ለመተካት ወይም ለመደገፍ ሞክረዋል። በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች መዳብና ሴሪየም ኦክሳይድ ያለበትን አኖድ አሳወቁ፤ መዳብ ጥቀርሻን አያበቅልም፣ ነገር ግን በከፍተኛ ሙቀት አይጸናም። በ2009 የጆርጂያ ቴክ ባለሙያዎች ባሪየም ያለበት ሴራሚክ ድኝንም ጥቀርሻንም የመቋቋም አቅም እንደሚያሻሽል አሳዩ። ያም ሆኖ በገበያ ያሉት መሣሪያዎች በአብዛኛው በኒኬል ላይ የቆሙ ናቸው፤ አስተማማኙ መንገድም ጋዙን አስቀድሞ ማጣራት ነው። በጣሊያን ቱሪን አጠገብ በምትገኘው ኮሌኞ፣ ከ2017 ጀምሮ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ባዮጋዝ እያንዳንዳቸው 58 ኪሎ ዋት ገደማ ለሚያመነጩ ፊውል ሴሎች የቀረበው እንዲህ ከተጣራ በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2009 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ በየገበሬው ጓሮ የተሠሩት ማብላያዎች ጋዛቸው የሚውለው ለማብሰያና ለመብራት ነው። ምድጃ ብዙ ድኝ ችሎ ይነዳል፤ ምንም እንኳ የብረት ክፍሎቹ ቀስ በቀስ ቢበሉም። ያንኑ ጋዝ ለፊውል ሴል ለማዋል ግን መጀመሪያ በብረት ዝገት በተሞላ ማጣሪያ፣ ቀጥሎም ለዚሁ በተዘጋጀ የከሰል ማጣሪያ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ማጣሪያዎቹ ሲሞሉ ድኙን ስለሚያሳልፉ በመለኪያ እየተፈተሹ በጊዜው መለወጥ አለባቸው። ሽታ ለዚህ አያገለግልም፤ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፣ ለሰውም ገዳይ ነው።