የአንድ ሰዓት ዋጋ፦ የምክክር ሕክምና ለምን ይወደዳል?

እስቲ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነን እንበል። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ከልብ ጓደኛችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ የሆዳችሁን ታወራላችሁ። የምትከፍሉት የቡናውን ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ቀን፣ እንቅልፍ ለወራት እምቢ ሲላችሁ፣ ወደ ግል የሥነ ልቦና ባለሙያ ትሄዳላችሁ። እሷም ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። መርፌ የለ፣ ኪኒን የለ፣ ማሽን የለ። መጨረሻ ላይ ግን ሂሳብ አለ። «ለወሬ ነው እንዴ የምከፍለው?» ብትሉ አይፈረድባችሁም። ጥያቄው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ ክፍያ ሳያፍር ተናግሯል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ታካሚ የተወሰነ ሰዓት ይመደባል፤ ሰዓቱ የታካሚው ስለሆነ ቢቀርም ይከፍላል። ዛሬም አንዳንድ ባለሙያዎች ሳይነግር ለቀረ ሰው የሚያስከፍሉት በዚሁ ስሌት ነው። ግን ያው ፍሮይድ በ1918 ቡዳፔስት ላይ ሌላ ነገር አለ፦ ድሃ ለቀዶ ሕክምና መብት እንዳለው ሁሉ ለአእምሮውም እርዳታ መብት አለው፤ ሕክምናውም በነጻ መሰጠት አለበት። በ1920 በርሊን ውስጥ፣ በ1922 ደግሞ ቪየና ውስጥ እንዲህ ዓይነት ክሊኒኮች ተከፈቱ። በርሊን ላይ ሰው እንደ አቅሙ ይከፍል ነበር፤ የሌለው ደግሞ በነጻ ይታከማል።

ታዲያ ዋጋውን የሚያስወድደው ምንድን ነው? ጊዜ ነው። አንድ ሐኪም በአንድ ሰዓት ብዙ ሰው ሊያይ ይችላል፤ የምክክር ባለሙያ ግን ሰዓቱን የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው። ሕክምናውም በአንድ ቀን አያልቅም። ለምሳሌ ያህል አንዱ ቀጠሮ 800 ብር ቢሆንና 8 ጊዜ ብትመላለሱ 6,400 ብር ይሆናል። የሚከብደው አንዱ ቀን ሳይሆን ድምሩ ነው።

በኛ አገር ሌላም ምክንያት አለ፤ የባለሙያ እጥረት። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። የአእምሮ ሐኪም ለመሆን ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው። ፈላጊው በዝቶ ባለሙያው ሲያንስ ዋጋ ይወጣል፤ የገበያ ሕግ ነው።

አብሮ መክፈልንስ አናውቅም? እናውቃለን እንጂ! ዕድር ይህንኑ ነው የሚሠራው። ግን ዕድር በዋናነት የሚደርሰው ሰው ሲሞት ነው። ለታመመ የሚደርሰው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞከረ፤ ቤተሰብ በዓመት ያዋጣል፣ ሲታመም ውል ባለው ተቋም ይታከማል። ውሉ ግን በአብዛኛው ከመንግሥት ተቋማት ጋር ስለሆነ የግሉን ቢሮ ሂሳብ ይሸፍናል ብላችሁ አትጠብቁ።

ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ፦ አንዱ ቀጠሮ ስንት ነው? ስንት ጊዜ ያስፈልገኛል? ብቀርስ? ለተማሪ ቅናሽ አለ? መጠየቅ አያሳፍርም። የመንግሥት ሆስፒታልንም አትርሱ፤ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ የግቢያችሁን የምክር አገልግሎት ቢሮ አስቀድማችሁ አንኳኩ። መኖር ካስጠላችሁ ግን ስለ ብር አታስቡ፤ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ተናገሩና አብራችሁ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

አንድ የመጨረሻ ታሪክ። ዚምባብዌ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የሠለጠኑ አያቶች ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው ያማክራሉ። በ2016 የታተመ ጥናት ምክራቸው የጭንቀትና የድባቴ ምልክቶችን እንደሚቀንስ አሳየ። ሐኪም ሳይሆኑ፣ ግን ሠልጥነው! አያትም አግዳሚ ወንበርም እኛ ጋ ሞልቷል። የቀረን ሥልጠናው ነው።