የመጀመሪያው ውድድር ቀስት ነበር

ሐሙሲት ላይ 70 ሜትር ሜዳ ማግኘት አይከብድም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ሐሙሲትን አልፎ ወደ ወረታ የሚሄድ ሰው የፎገራን ሜዳ ያውቀዋል፤ ዓይን እስኪደክም ዝርግ ነው። 70 ሜትር ደግሞ በኦሊምፒክም ሆነ በፓራሊምፒክ ሪከርቭ በሚባለው ደጋን የሚወዳደር ቀስተኛ ከኢላማው የሚርቅበት ልክ ነው። የኢላማው ስፋት 122 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 10 ነጥብ የሚያሰጠው የመሃሉ ክብ ግን 12.2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከቡና ስኒ ማስቀመጫ ብዙም አይበልጥም። ቆሞ ለሚወረውረውም ዊልቸር ላይ ተቀምጦ ለሚወረውረውም ርቀቱ ያው፣ ክቡም ያው ነው።

እኛ አገር ስለ አካል ጉዳተኞች ስፖርት ሲወራ ቀድሞ የሚመጣው ሩጫ ነው። አይገርምም። ኢትዮጵያ ወደ ፓራሊምፒክ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1968 ቴል አቪቭ ላይ ቢሆንም፣ የምናስታውሳቸው ስሞች የቅርብ ጊዜ ናቸው፦ በ2012 ለንደን ላይ ብር ያመጣው ወንድዬ ፍቅሬ፣ በ2016 ሪዮ ላይ ብር ያመጣው ታምሩ ደምሴ፣ በቶኪዮ የመጀመሪያውን ወርቅ ያስገኘችው ትዕግስት ገዛኸኝ፣ በ2024 ፓሪስ ላይ ወርቅ ያጠለቀችው ያየሽ ጌቴ። ሁሉም በ1500 ሜትር ነው። ሁሉም በእግር ነው። እግሩ የማይታዘዝለት የፎገራ ልጅ እነዚህን ስሞች ሲሰማ ደስ ይለዋል፣ ግን ራሱን አያይባቸውም።

የሚገርመው፣ ፓራሊምፒክ ራሱ በሩጫ አልተጀመረም። የተጀመረው በቀስት፣ ያውም በዊልቸር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሉድቪግ ጉትማን ከናዚ ጀርመን ወደ እንግሊዝ የተሰደደ አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም ነበር። በ1944 በስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ክፍል እንዲከፍት ኃላፊነት ተሰጠው። በዚያ ዘመን አከርካሪው የተመታ ወታደር ተስፋ የተቆረጠበት ሰው ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለውም ጉዳቱ ሳይሆን ከመተኛት ብዛት የሚመጣ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። ጉትማን ታካሚዎቹን በየጊዜው እያገላበጠ፣ ከአልጋ እያስነሳ፣ ሥራና ስፖርት ሰጣቸው። ቀስት የተመረጠው ለጌጥ አይደለም። ደጋን ሲሳብ ትከሻ፣ ክንድና ጀርባ ይጠነክራሉ፤ ዊልቸር ላይ የሚኖር ሰው ከወንበር ወደ አልጋ ራሱን የሚያሻግረውም በእነሱ ነው። ሚዛን ጠብቆ መቀመጥም በዚያው ይለመዳል።

ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት በዚያው ቀን፣ 16 የቀድሞ ወታደሮች፣ 14 ወንዶችና 2 ሴቶች፣ በሆስፒታሉ ግቢ ቀስት ተወዳደሩ። የዛሬው ፓራሊምፒክ ዘሩ ይህ ነው።

ከ12 ዓመት በኋላ ውድድሩ ሮም ደረሰ፤ 23 አገሮች፣ 400 ገደማ ስፖርተኞች። በቀስት ለብሪታንያ ወርቅ ያመጣችው ማርጋሬት ሞን ነበረች። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እዚሁ አፍሪካ፣ የዛሬዋ ማላዊ ውስጥ በመኪና አደጋ ተጎድታ ነበር። ሮም ላይ ግን ሌላም ነገር ሆነ። ስፖርተኞቹ ያረፉባቸው ቤቶች ከመሬት ከፍ ብለው በምሰሶ ላይ የቆሙ ስለነበሩ፣ ባለ ዊልቸሮቹን ደረጃ ለደረጃ ተሸክመው የሚያወጡት ወታደሮች ነበሩ። እስቲ አስቡት፤ ለዓለም ውድድር የበቃ ክንድ፣ መኝታው ጋ ለመድረስ የሰው ትከሻ ይጠብቃል።

በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ የኒውዚላንዷ ኔሮሊ ፌርሆል በዊልቸር ሆና በኦሊምፒኩ ራሱ ከቆሙት ጋር ቀስት ተወዳደረች። 35ኛ ወጣች። ለኔ ቁጥሩ የሚያምረው ለዚህ ነው፤ በአዘኔታ የተሰጠ ደረጃ ሳይሆን በነጥብ የተቆጠረ ነው።

ቀስት ለእኛም ባዕድ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን በክርስቲያን ነገሥታት ሠራዊት ውስጥ ማያ የሚባሉት ቀስተኞች በመርዛማ ፍላጻቸው ይታወቁ ነበር። ጠመንጃ ሲመጣ ቀስት ከጦር ሜዳ ወጣ፤ ቃሉ ግን ቤት ውስጥ ቀረ። ጥጥ የሚነደፍበትም መሣሪያ ደጋን ነው፤ ነዳፊው ቁጭ ብሎ ይይዘዋል፣ ጅማቱን እየመታ ጥጡን ያፍታታል። ተቀምጦ ደጋን መያዝ ለአገራችን እጅ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ? ሜዳው አለ ብያለሁ። ግን የፎገራ አፈር ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ሩዝ የሚያበቅል ውሃ ይሆናል፤ በእግሩ የሚሄደውን ጫማ የሚያስጥል ጭቃ የዊልቸርን ቀጫጭን የፊት ጎማዎች ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። በጋ ሲመጣ ደግሞ ዋልካው ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ከባዱ ርቀት ከመወርወሪያው መስመር እስከ ኢላማው ያለው 70 ሜትር አይደለም። ከቤት ደጃፍ እስከ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያለው ነው።

ይህን ርቀት ለማሳጠር ሕግ አለን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ዊልቸር የሚጠቀሙትን ጨምሮ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። በእኔ ሙያ አንድ ተጠቃሚ ሲስተሙ ውስጥ መግባት ካቃተው ተጠቃሚው ተበላሽቷል አንልም፤ ኮዱን ነው የምናርመው። ደረጃ ብቻ ያለው በርም እንደዚያው ነው፤ የሚታረመው በሩ ነው።

የስቶክ ማንድቪል 16ቱ ስታዲየም አልነበራቸውም። የነበራቸው የሆስፒታል ሣር፣ ጥቂት ደጋን፣ እና እነዚህ ሰዎች ገና አልጨረሱም ብሎ ያመነ አንድ ሐኪም ነው። ፎገራ ላይ ለመጀመርም ጭቃ የማይውጠው 70 ሜትር ድልድል መሬት፣ እስከዚያ የሚያደርስ መንገድ፣ እና ልጁን «ና፣ ሞክር» የሚለው ሰው ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው የነጥብ ጉዳይ ነው፤ ነጥቡን ደግሞ እሱ ራሱ ይቁጠረው።