የአውቶማቲክ ካምቢዮ የብርድ ችግር

የአውቶማቲክ ካምቢዮ የብርድ ችግር የሚባለው ያረጀ መኪና ጠዋት ሲነሣ ማርሹ ዘግይቶ ወይም በምት የሚገባበት፣ ሲሞቅ ግን የሚሻሻልበት ሁኔታ ነው።

በብዛት የተመረተው የመጀመሪያው አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ጄኔራል ሞተርስ በ1939 እ.ኤ.አ. ለኦልድስሞቢል ያቀረበው ሃይድራማቲክ ነው። መሠረቱ ያኔም አሁንም ዘይት ነው፤ ፓምፑ የሚልከው ዘይት ፒስተኖችን ገፍቶ ፍሪሲዮኖችን ያጣብቃል። ብርድ ዘይቱን ያወፍረዋል። በዕድሜ የደረቁ ጎሚኒዎችም በሙቀት እስኪለሰልሱ ድረስ ግፊት ያሾልካሉ።

በየካ ክፍለ ከተማ ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወጣ መኪና፣ ጫፉ 3,200 ሜትር ገደማ ወደሚደርሰው ተራራ ገና ሳይሞቅ ዳገት ይጀምራል።

ምርመራው ከዘይት ይነሣል። በአብዛኞቹ አሮጌ ቶዮታዎች መጠኑ የሚለካው ካምቢዮው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ነው፤ በብርድ የተወሰደ ልኬት ያሳስታል። ጤናማ ዘይት ቀላ ያለ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካመጣ ፍሪሲዮን መበላቱን ያመለክታል።

ሁሉም መዘግየት ግን ብልሽት አይደለም። በኤሌክትሮኒክ በሚታዘዙ ካምቢዮዎች ኮምፒውተሩ ሞተሩ እስኪሞቅ ኦቨርድራይቩን ሆን ብሎ ይከለክላል። ቴርሞስታቱ ተነቅሎ የተጣለበት ሞተር ደግሞ ቶሎ ስለማይሞቅ፣ ጤነኛ ካምቢዮ የታመመ ይመስላል። ስለዚህ ካምቢዮ ከመፈታቱ በፊት ቴርሞስታቱና የሙቀት ሴንሰሩ መፈተሽ አለባቸው፤ ይህን መዝለል ባለመኪናውን ለከባድ ወጪ ይዳርጋል። የኦቨርድራይቭ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ የተመዘገበ የስሕተት ኮድ አለ።

ዘይቱም ሙቀቱም ትክክል ሆነው ዲ ወይም አር ሲገባ መኪናው ዘግይቶ ከተንቀሳቀሰ፣ ቀጣዩ እርምጃ የዘይቱን ግፊት በጌጅ መለካት ነው።