ከአፀደ ሕፃናት እስከ ረጃፍ፦ የትንንሾቹ ሽርሽር ታሪክ

ትንንሾቹን ለአንድ ቀን ከግቢ አውጥተን ወደ ወንዝ ዳር ወይም ወደ ኮረብታ ሥር እንውሰዳቸው ባልን ቁጥር ከወላጆች አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ልጄን የላክሁት ፊደል እንዲቆጥር ነው፤ ሽርሽሩን ምን አመጣው?» ይሉናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ብዙ ነገር ያጣ ስደተኛ ለልጁ ተስፋ የሚያደርገው ትምህርትን ነው። ትምህርት ሲባል ደግሞ ደብተርና እርሳስ ስለሚታየው፣ ልጁ ጭቃ አቡክቶ ሲመለስ ቀኑ የባከነ ይመስለዋል። ቢመስለው አይፈረድበትም። እኛ ግን ነገሩን በዚህ ጽሑፍ ከታሪክ በኩል ልናየው ፈልገናል፤ መድረሻችንም እዚሁ ጁባ አጠገብ ያለችው ረጃፍ ናት። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስቲ ከስሙ እንጀምር። ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን ትምህርት ቤት በአማርኛ አንዳንዱ መዋዕለ ሕፃናት፣ አንዳንዱ አፀደ ሕፃናት ብሎ ይጽፈዋል፤ በአፍ ግን ሁላችንም «ኬጂ» ነው የምንለው። አፀድ ማለት አትክልት የተተከለበት ግቢ ነው። የጀርመኖቹ «ኪንደርጋርተን» ትርጉሙም ይኸው የሕፃናት አትክልት ቦታ ነው። ይህን ዓይነት ትምህርት ቤት የጀመረው ፍሪድሪክ ፍሮቤል የሚባል ጀርመናዊ መምህር ሲሆን በወጣትነቱ የደን ሥራ የተማረ ሰው ነበር። በ1837 ብላንክንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ሥራውን ጀመረ፤ ስሙን ግን ለሦስት ዓመት ያህል አጥቶለት ቆየ። እንደሚተረከው በ1840 ከጓደኞቹ ጋር በእግር ኮረብታ እያቋረጠ ሲሄድ ነው ስሙ ድንገት የመጣለት። እንግዲህ ኬጂ የሚለው ስም ራሱ የተወለደው በሽርሽር ላይ ነው ማለት ይቻላል!

በፍሮቤል ትምህርት ቤት ልጆቹ በእንጨት ኳስና ኩብ ይጫወታሉ፣ ይዘምራሉ፣ ወደ ሜዳ ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ልጅም የራሱ ትንሽ መደብ አለችው፣ ዘርቶ ይኮተኩታል። ይህ ሁሉ ጨዋታ ለመንግሥት አልተዋጠለትም። በ1851 የፕሩሲያ መንግሥት ሃይማኖት የሚያስክድ፣ ሶሻሊስቶችን የሚያፈራ ነው በማለት አፀደ ሕፃናትን በአዋጅ ከለከለ። የአራት ዓመት ልጅ ጎመን ሲተክል የፈራ መንግሥት እንግዲህ ምን ይባላል። ፍሮቤል በዓመቱ ሞተ፤ ክልከላው የተነሳው በ1860 ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የጥንቱ የቄስ ትምህርት ቤት አለን። ልጅ አራት አምስት ዓመት ሲሆነው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይላል። ዘመናዊው አፀደ ሕፃናት መጀመሪያ የተከፈተው በምድር ባቡሩ ዘመን ድሬዳዋ ላይ፣ ለፈረንሳውያን ሠራተኞች ልጆች እንደሆነ በብዛት ይጻፋል። በኋላም ቢሆን ለረጅም ጊዜ የከተማና የባለ ገንዘብ ነገር ሆኖ ነው የቆየው። የአዲስ አበባ ልጅ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ይወሰድ ነበር፤ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ደግሞ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት የነገሩትን አባባ ተስፋዬን ያያል። ለቀረው ልጅ ሽርሽር ማለት ከታላላቆቹ ጋር ውኃ መቅዳትና ጥጃ መጠበቅ ነበር። ይህን ንቀን አይደለም። በአፈርና በጠጠር የተጫወተ ልጅ መቁጠር የሚጀምረው ከጠጠሩ ነው።

ከቤት ይዘነው ከመጣነው ጨዋታ ሁሉ ግን እዚህ ትርጉሙ የተለወጠብን እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይባላል፤ መልሱ የጠፋበት «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አንድ አገር ይሰጥና ጠያቂው መልሱን ይነግረዋል። እኛ በልጅነታችን ጎንደርንም፣ ሐረርንም፣ ጎሬንም ሳንሰስት ስንሰጥ ኖረናል። እዚህ የተወለዱት ልጆች ሲጫወቱ ብትሰሙ ግን አንዱ ጁባን ይሰጣል፣ አንዱ ጋምቤላን (እናቱ ስትጠራው ሰምቶ እንጂ አይቶት አያውቅም)። አንዷማ የምትሰጠው ሲጠፋት የውኃ መቅጃውን ቦታ ሰጠች። ልጅ የሚሰጠው የሚያውቀውን ነው። የሚያውቀው ቦታ እንዲበዛ ደግሞ መውጣት አለበት። ለሽርሽሩ ከምንሰጠው ምክንያት ሁሉ ለእኛ ትልቁ ይህ ነው።

በስደት ውስጥ ያለ የሕፃናት ትምህርት በእኛ አልተጀመረም። በ1980ዎቹ የሱዳን ጦርነት ሰዎችን ወደ ጋምቤላ ሲያሰድድ ኢታንግና ፒኝዶ ላይ ትልልቅ ካምፖች ነበሩ። ፒኝዶ ያለ ወላጅ በእግራቸው የመጡ ብዙ ሺህ ወንዶች ልጆች የተጠለሉበት ነው፤ ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩት ዛፍ ሥር፣ አፈር ላይ በጣታቸው እየጻፉ ነው። በግንቦት 1991 ደርግ ሲወድቅ ካምፖቹ ተበተኑና ልጆቹ ወንዝ እየተሻገሩ ተመለሱ፤ በመንገድ የቀሩም ብዙ ናቸው። የዚያን ጊዜ የእነሱ ልጆች በእኛ ዛፍ ሥር ተማሩ፤ ዛሬ የእኛ ልጆች በእነሱ ዛፍ ሥር ይማራሉ።

ጨዋታ ለስደተኛ ልጅ ቅንጦት አይደለም የሚለው ሐሳብ በዓለም ደረጃ ቦታ ያገኘውም ቀስ ብሎ ነው። በ1989 የወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጽ ዕረፍትንና ጨዋታን መብት ብሎ አሰፈረ፤ ኢትዮጵያ በ1991፣ ደቡብ ሱዳን በ2015 ተቀብለውታል። በ1999 የኮሶቮ ሰዎች ወደ አልባኒያ ሲሰደዱ ዩኒሴፍ በካምፖቹ ውስጥ ለልጆች ብቻ የተከለለ ቦታ አዘጋጀ፤ ዛሬ በየካምፑ የምናየው «ለሕፃናት ምቹ ሥፍራ» ከዚያ የመጣ ነው። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን አጥር አለው፤ ልጅ ደግሞ ከአጥር ውጭ ያለውንም ማየት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ረጃፍ እንሂድ። ከጁባ በስተደቡብ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ በነጩ ዓባይ ምዕራባዊ ዳር ያለች የባሪ ሕዝብ አገር ናት። ከሩቅ የሚታየው ሾጣጣ ኮረብታዋ ነው፤ ሦስት ማዕዘን መሳል የሚማር ልጅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም። ረጃፍ የሚለው ስም ከአረብኛ ሲሆን መንቀጥቀጥን ያመለክታል። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ አካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ ያውቀዋል፣ በግንቦት 1990 እንኳ ከ7 በላይ የተመዘገበ ትልቅ መንቀጥቀጥ ጁባን አናውጧል።

ታሪኳ ከመጠኗ በላይ ነው። በ1888 የማህዲ ተከታዮች ያዟት። በየካቲት 1897፣ የዓድዋ ድል ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የቤልጅጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ጦር በሻልታን መሪነት ከኮንጎ በኩል መጥቶ አስለቀቃቸው። አካባቢው የላዶ ግዛት ተብሎ በሊዮፖልድ እጅ ቆየ፤ ንጉሡ በታኅሣሥ 1909 ሲሞት በተከታዩ ዓመት ወደ ሱዳን ተመለሰ። ከካርቱም የሚመጣው የእንፋሎት መርከብም ጉዞው የሚያበቃው እዚህ ነበር፤ ከዚያ በላይ ወንዙ ድንጋያማ ስለሆነ መርከብ አያሳልፍም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ጁባ ስታድግ ወደቡም ሥራውም ወደዚያ ሄደና ረጃፍ ጸጥ አለች።

ከዚህ ሁሉ ለአራት ዓመት ልጅ የሚነገረው ምኑ ነው? ስለ ሊዮፖልድ ማውራት ድካም ብቻ ነው። መርከቡን ግን ይወደዋል። «ትልቅ መርከብ ጭስ እያወጣ መጣ፤ እዚህ ሲደርስ ቆመ» ብላችሁ ዝም በሉ። «ለምን ቆመ?» ብሎ ራሱ ይጠይቃችኋል። ከዚያ በገንዳ ውኃ አድርጎ፣ ድንጋይ ጨምሮ፣ በቅጠል መርከብ ሠርቶ ለምን እንደቆመ ራሱ ያየዋል።

የረጃፍ ስም ግን በትምህርት መጻሕፍት የሚነሳው በጦርነቱ ወይም በመርከቡ አይደለም። በሚያዝያ 1928 የሱዳን መንግሥት ሹማምንት፣ ሚስዮናውያንና ዲድሪክ ቬስተርማን የሚባለው ጀርመናዊ የቋንቋ ሊቅ እዚህ ተሰብስበው የደቡብ ሱዳን ልጆች ትምህርት በየትኛው ቋንቋ ይጀምሩ በሚለው ላይ መከሩ። ባሪ፣ ዲንቃ፣ ኑዌር፣ ሽሉክ፣ ላቱካና ዛንዴን ከሌሎች ጥቂት ቋንቋዎች ጋር ለመጀመሪያ ደረጃ መረጡ፤ ከፍ ላለው ክፍል እንግሊዝኛ ተባለ። ጥሩ ውሳኔ ይመስላል፤ በከፊልም ነበር፤ በብዙዎቹ ቋንቋዎች መጽሐፍ የተዘጋጀው ከዚያ ወዲህ ነው። ነገር ግን የእንግሊዞቹ ሐሳብ አረብኛንና እስልምናን ወደ ደቡብ እንዳይገቡ ማገድም ነበር። ልጆቹ መሣሪያ ሆኑ ማለት ነው፤ የጠየቃቸውም የለም። ከእኛ ብዙዎቹ በቤታቸው የሚናገሩት አኙዋክኛ ከተመረጡት ውስጥ አልነበረም፤ የቅርብ ዘመዱ ሽሉክኛ ግን ገብቶ ነበር። የአኙዋክ ልጅ በራሱ ቋንቋ መማር ጉዳይ የሆነው ብዙ ቆይቶ፣ በተለይ ከ1994ቱ የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ጋምቤላ ውስጥ ነው።

የእኛ ልጆች በቤት አኙዋክኛ፣ ከጎረቤት ጋር ጁባ አረብኛ፣ ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር አማርኛ ይናገራሉ፤ ትልቁ ክፍል ሲደርሱ እንግሊዝኛ ይጠብቃቸዋል። በክፍል ውስጥ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆናል። በሽርሽር ላይ ግን ማንም አይመርጥም። ልጁ ዓሣ ሲያይ መጀመሪያ አፉ ላይ በመጣለት ቋንቋ ይጮኻል፤ መምህሩ ያንን ቃል ይይዝና «በባሪኛስ?» ብሎ መንገድ ላይ ያለውን ሽማግሌ ይጠይቃል። ልጆቹ አገሩ ባለቤት እንዳለው የሚያውቁት እንዲህ ነው፤ የባሪ ሽማግሌዎችም የተጠየቁትን ቃል ቀስ ብለው፣ ደጋግመው ነው የሚነግሩት።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ነገር እንበል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ይሻላል፤ በጠዋት ወጥቶ ፀሐይ ሳይከር ጥላ ሥር መግባት ነው። ወንዙ አዞ አለው፣ ጅረቱም ኃይለኛ ነው፤ ስለዚህ ውኃው ከርቀት ይታያል እንጂ ዳሩ ድረስ አይወረድም። ረጅም ገመድ ላይ በየክንዱ ቋጠሮ አድርጉና እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቋጠሮ ይያዝ፤ ሲሄዱ እየቆጠሩም ይሄዳሉ። ኮረብታውን ከሥር ሆኖ ማየት ይበቃል። ከሁሉ በላይ ከተረገጠ መንገድ አትውጡ፤ በጁባ ዙሪያ ጦርነቱ የቀበረው ፈንጂ ለዓመታት ሲለቀም የኖረ ነው፣ ልጅ ደግሞ የሚያብለጨልጭ ብረት ያነሳል። ከመውጣታችሁ በፊት የአካባቢውን አስተዳደር ጠይቁ። የተጣራ ውኃ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ፣ ባርኔጣ ያዙ።

በማግሥቱ ልጆቹ ያዩትን ይሥላሉ፤ ከሥዕሉ ሥር መምህሩ ልጁ ያለውን ቃል በልጁ ቋንቋ ይጽፍለታል፣ ቀጥሎ በአማርኛ። ወረቀቱ ወደ ቤት ይሄዳል፤ «ሽርሽሩን ምን አመጣው» ያሉን ወላጆች እዚያ ላይ ፊደሉን ያገኙታል። ለአምስት ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ስለሚያስፈልግ አብራችሁን መሄድ የምትችሉ እናቶችና አባቶች ለመምህራኑ አስቀድማችሁ ንገሩን።