እንግዳ በክበብ ውስጥ፤ ስለ ካፖኤራ ታሪክና ስለ ቃል ምስክርነት

ጽሑፍ ያልተውለትን ሕዝብ ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ዞሮ ዞሮ የሚደገፈው በሽማግሌ ቃል ነው። ሽማግሌው «አባቶቻችን እንዲህ ይሉ ነበር» ይላል፤ ተማሪው ይጽፋል፤ የተጻፈውም ነገር ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ እንደ ጥንታዊ ማስረጃ ይጠቀሳል። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ አባቶች ያሉት የትኛው ነው? ትናንት የመጣ እንግዳ የነገራቸውስ የትኛው ነው? ይህ ጥያቄ ከባድ መሆኑን የተረዳሁት በራሴ ስሕተት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ካፖኤራ የሚባለውን የብራዚል ጥቁሮች ጨዋታ ታሪክ በአጭሩ እያወሳሁ፣ እንግዶች ለዚህ ታሪክ ምን እንዳመጡለት ለመመርመር እሞክራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ካፖኤራ ትግልም ዘፈንም ጨዋታም ነው፤ ከሦስቱ በአንዱ ብቻ የሚጠራው ሰው ይሳሳታል። ተጫዋቾቹ ሮዳ የሚባል ክብ ይሠራሉ። በክቡ ራስ በሪምባው ይደረደራል፤ ይኸውም ባለ አንድ ሽቦ፣ ደጋን መሰል፣ ቅል የታሠረለት መሣሪያ ነው። ሦስት በሪምባዎች ሲኖሩ ጉንጋ የሚባለው ወፍራም ድምፅ ያለው ሌሎቹን ይመራል፤ የጨዋታውም ፍጥነትና ጠባይ በእርሱ ይወሰናል። ሁለት ሰዎች በመሣሪያው ሥር ቁጢጥ ብለው ከተጨባበጡ በኋላ ወደ መካከል ይገባሉ። አንዱ በእግሩ ሲሰነዝር ሌላው ጐንበስ ብሎ ያመልጣል፤ አምልጦም መልሶ ይሰነዝራል። የጥሩ ተጫዋች ምልክቱ መምታት ሳይሆን፣ ለመምታት ይችል እንደ ነበረ አሳይቶ መተው ነው።

እኔ ይህን ጨዋታ የጀመርሁት በአውሮፓ ለትምህርት በነበርሁበት ጊዜ ነው። አብረውኝ ይለማመዱ ከነበሩት ሁለቱ የባሂያ ተወላጆች ነበሩ፤ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ስለ ጋበዙኝ የዕረፍቱን ወራት በሳልቫዶር ከተማ በቤታቸው አሳለፍሁ። በደረስሁ በሦስተኛው ቀን ማታ ወደ አንድ አሮጌ ሰፈር ወስደው ከአንድ ሽማግሌ መምህር ጋር አስተዋወቁኝ። ሽማግሌው አገሬንም ሆነ ትምህርቴን አልጠየቁኝም፤ የጠየቁኝ «መምህርህ ማን ነው? የመምህርህስ መምህር?» ብለው ነው። ከደብር ወደ ደብር የሚዞር የቅኔ ተማሪ ከማን እንደ ተማረ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ በዚያም ቤት ለእንግዳ የይለፍ ወረቀቱ የመምህራኑ የትውልድ ሐረግ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ክቡ ገብቼ ሦስት ጊዜ ተጠልፌ ወደቅሁ፤ ሽማግሌውም ስቀው አጠገባቸው አስቀመጡኝና የጨዋታውን አመጣጥ ነገሩኝ።

እንደ እርሳቸው አነጋገር ካፖኤራ የመጣው ከአንጎላ ነው። በዚያ አገር ልጃገረዶች ለአካለ መጠን ሲደርሱ በሚደረገው በዓል ወጣቶች የሜዳ አህያን አረጋገጥ እየመሰሉ ንጎሎ የሚባል ጨዋታ ይጫወቱ ነበር፤ ያሸነፈውም ያለ ጥሎሽ ሚስት ያገባ ነበር። እኔም ይህን «ከባርነት ዘመን ጀምሮ በቃል የወረደ ትውፊት» ብዬ በመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ምዕራፍ ውስጥ አገባሁት። ስሕተቴ ይህ ነበር።

የጽሑፉ ማስረጃ የሚያሳየው ሌላ መንገድ ነው። ካፖኤራ የተጠቀሰባቸው ቀደምት ሰነዶች የተገኙት በባሂያ ሳይሆን በሪዮ ዴ ጃኔሮ ነው፤ ከእነርሱም አንዱ በ1789 ስለ ታሰረ አዳው ስለሚባል ባሪያ የሚናገር ነው። በ1808 የፖርቱጋል ቤተ መንግሥት ከናፖሊዮን ሸሽቶ ወደ ሪዮ ከተዛወረና በማግሥቱ ዓመት የንጉሣዊው የፖሊስ ዘበኛ ከተቋቋመ በኋላ፣ በካፖኤራ ምክንያት የታሰሩ ባሮች ስም በመዝገብ ላይ በብዛት ይታያል። ጀርመናዊው ሠዓሊ ሩጌንዳስ በ1835 ባሳተመው ሥዕል ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲጫወቱ ይታያሉ፤ በአጠገባቸው ግን ያለው ከበሮ ነው እንጂ በሪምባው አይደለም። ዛሬ የጨዋታው ነፍስ ነው የሚባለው መሣሪያ በዚያ ሥዕል ውስጥ አለመኖሩ ብቻውን፣ ልማድ በየጊዜው እንደሚሠራ ለማስታወስ ይበቃል።

ባርነት በግንቦት 1888 ቀረ፤ በ1889 ሪፑብሊክ ታወጀ፤ በጥቅምት 1890 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ በ402ኛው አንቀጽ ካፖኤራን ወንጀል አደረገው። ቅጣቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር እስራት ሲሆን ለጭፍራ አለቆች እጥፍ ነበር። ቀጣዩ አንቀጽ፣ ጥፋቱን የደገመ የውጭ አገር ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ ከአገር እንዲባረር ያዛል። ሕግ አውጪው ስለ ውጭ አገር ሰው መጨነቁ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በዚያን ዘመን በሪዮ ጭፍሮች ውስጥ ፖርቱጋላውያን ስደተኞች ገብተው ነበርና። እንግዲህ እንግዳ በክበቡ ውስጥ የተገኘው በእኛ ዘመን አይደለም። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሩዊ ባርቦዛ የባርነት መዛግብት ተሰብስበው እንዲቃጠሉ አዘዘ። የቀድሞ ባለ ባሮች ካሣ እንዳይጠይቁ ለማድረግ ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ ሐሳቡ ምንም ይሁን ምን፣ የልጅ ልጆቹ የአያቶቻቸውን አገር የሚጠይቁበት ወረቀት ተቃጠለ። የቃል ትውፊት ይህን ያህል የተወደደው በዚህ ባዶ ስፍራ ነው።

በሪዮ የነበረው ጭፍራ በእስራትና በግዞት ሲጠፋ ጨዋታው በባሂያ ቆየ። ቢምባ የሚባሉት ማኑኤል ዶስ ሬይስ ማሻዶ በ1932 በሳልቫዶር ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1937 በመንግሥት ዘንድ ተመዘገበላቸው። ካፖኤራም በ1940ው ሕግ ከወንጀል ዝርዝር ወጣ፤ በ1953 ቢምባ በፕሬዚዳንት ዤቱሊዮ ቫርጋስ ፊት ተጫወቱ። ቪሴንቴ ፌሬይራ ፓስቲኛ ደግሞ በ1941 የካፖኤራ አንጎላን ማኅበር መምራት ጀመሩ። እርሳቸው በልጅነታቸው አንድ ጉልበተኛ ልጅ ይደበድባቸው እንደ ነበርና ቤኔዲቶ የሚባሉ አፍሪካዊ ሽማግሌ ይህን በመስኮት አይተው ጠርተው እንዳስተማሯቸው ይናገሩ ነበር። ቢምባ ለጨዋታው አዲስ ሥርዓት ሲሰጡት፣ ፓስቲኛ የአፍሪካን ሥር አጥብቀው ያዙ።

በ1960ዎቹ ዓመታት ታዲያ በአንጎላ ያደገ አልባኖ ኔቬስ ኤ ሶዛ የሚባል ፖርቱጋላዊ ሠዓሊ ሳልቫዶርን ጐብኝቶ የፓስቲኛን ትምህርት ቤት አየ። በደቡብ አንጎላ ያየውን ንጎሎን ከካፖኤራ ጋር አመሳስሎ ነገራቸው፤ የባህል ተመራማሪው ካማራ ካስኩዶም ከሠዓሊው የሰማውን በ1967 አሳተመው። ታሪኩ በፓስቲኛ ደቀ መዛሙርት ዘንድ ተወደደ፤ ከእነርሱም ወደ ዓለም ሁሉ ተሠራጨ። በማግሥቱ ዓመት ዋልዴሎይር ሬጎ፣ ካፖኤራ አፍሪካውያን በብራዚል ምድር የፈጠሩት ነው ሲል ጻፈ፤ ድምፁ ግን የሜዳ አህያውን ታሪክ ያህል አልተሰማም። ስለዚህ እኔ የባርነት ዘመን ቅርስ ያልሁት ነገር በዚህ መልኩ ወደ ባሂያ ከገባ ገና የአንድ ሰው ዕድሜ አልሞላውም።

ይህን በማለቴ ታሪኩ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። ዴሽ ኦቢ በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ ዝምድናውን ደግፎ ተከራክሯል። በ2005 የጨዋታውን ታሪክ የጻፈው ማቲያስ አሱንሳው በአንድ ምንጭ መወሰንን ተቃውሟል፤ ቆይቶም ኮብራ ማንሳ ከሚባለው መምህር ጋር ወደ አንጎላ ተጉዞ ንጎሎን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አግኝቷል፤ ጉዟቸውን የሚያሳየው ፊልም በ2013 ወጣ። የእግር አሰነዛዘር መመሳሰል አለ፤ መመሳሰል ግን ብቻውን ልደትን አያስረዳም። በዚያም ላይ ወደ ሪዮ ከተጋዙት ምርኮኞች የሚበዙት ከኮንጎና ከአንጎላ ሲሆኑ፣ ወደ ባሂያ በኋለኛው ዘመን የተጋዙት በአብዛኛው ከቤኒን ባሕረ ሰላጤ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም።

ፓስቲኛ ራሳቸውም በ1966 ዳካር ላይ ለተደረገው የጥቁር ሕዝቦች ኪነ ጥበብ በዓል ዓይናቸው እየደከመ ሄደው ነበር፤ አፍሪካ ሲደርሱ እንግዳ ሆነው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ትምህርት ቤታቸው የነበረበት ቤት ለእድሳት ተብሎ ተወሰደ፤ አልተመለሰላቸውም። በ1981 ዓይነ ስውርና ድኻ ሆነው ሞቱ። አብሯቸው ዳካር የሄደው ደቀ መዝሙራቸው ዦዋው ግራንዴ ግን በ1990 ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ በ2001ም የአሜሪካ መንግሥት የቅርስ ሽልማት ተሰጠው። ሮዳው በ2014 በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ገባ። እንግዶቹ የወደዱትን ነገር የሠሩት ሰው ሳይጠቀሙበት አለፉ።

በሁለተኛው ጉዞዬ ሽማግሌውን መልሼ ጠየቅኋቸው፤ «አባባ፣ የሜዳ አህያውን ነገር ከማን ሰሙት?» አልሁ። ጥቂት አስበው «በወጣትነቴ ከጓደኞቼ ነው፤ እነርሱም ከአንድ እንግዳ ሰምተው ነበር» አሉኝ፤ ከዚህ በፊት ግን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ ወጣት ለአዲስ ገቢዎች ሲያስረዳ ሰማሁ፤ ካፖኤራ ከአንጎላ ብቻ ሳይሆን ከኢትዮጵያም እንደ መጣ፣ በዚያም እረኞች ምክቶሽ የሚባል ጨዋታ እንዳላቸው ይናገር ነበር። ይህን ባለፈው ዓመት ራት ላይ ለወዳጆቼ ስለ አገሬ ልማድ ያወራሁት እኔ ነኝ። በማግሥቱ ወጣቱን ፈልጌ አስረዳሁት፤ እርሱም ቅር እያለው ተቀበለኝ።

የመመረቂያ ጽሑፌን ምዕራፍ አርሜ ጻፍሁት። በየገጠሩ ትውፊት ለመሰብሰብ የሚወጡ ተማሪዎቻችንም «ምን ተባለ?» ብለው ብቻ እንዳይመለሱ፣ «ከማን ሰማህ? መቼ? ያን ጊዜ በቤቱ እንግዳ ማን ነበር?» ብለው እንዲጠይቁ እመክራለሁ። በዝርዝሩም ውስጥ የራሳቸውን ስም ማስገባት አይርሱ።