ቲሹ ካልቸር፦ የኅብረ ሕዋስ ብዜት

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ሰዎች የጄራኒየም አበባን የሚያራቡት ቅርንጫፍ ቆርጠው ነው። ቁራጩ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ባለ አፈር ይሰካል፣ ውሃ ይጠጣል፣ በጥቂት ሳምንታት ሥር ይሰዳል። የአበባ እርሻ ሠራተኞች ካቲንግ ይሉታል። ርካሽና ፈጣን ነው። ነገር ግን እናት ተክሏ ከታመመች ልጆቿ በሽታውን ይዘው ይወጣሉ፤ ያልጸዳ ቢላም ከታመመችው ወደ ጤነኛዋ ያሻግረዋል።

ለዚህ መላ የሚሆነው ቲሹ ካልቸር ነው። በአማርኛ «የኅብረ ሕዋስ ብዜት» ልንለው እንችላለን፦ ከተክል የተወሰደች ትንሽ ክፍል ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ውስጥ አድጋ ሙሉ ተክል ትሆናለች፣ ከዚያም በብዙ ትባዛለች።

የቅርንጫፉ ጫፍ በአልኮልና በበረኪና ይታጠባል። ንጹሕ አየር በሚነፍስበት ጠረጴዛ ላይ፣ በማይክሮስኮፕ እየታየ፣ ለጋ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ይገፈፋሉ። መጨረሻ ላይ የምትቀረው ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማትበልጥ፣ እንደ ጤዛ የምታበራ ነጥብ ናት። እሷን ስኳር፣ ማዕድናት፣ ቫይታሚንና የእድገት ሆርሞን ባለው፣ ከባሕር አልጌ በሚወጣ አጋር በረጋ ምግብ ላይ ያስቀምጧታል። ሙራሺጌና ስኩግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጡት የምግብ ቅመማ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ይህች ነጥብ የምትመረጠው በምክንያት ነው። ቫይረስ በብዛት የሚጓዘው በተክሉ ቱቦዎች ሲሆን፣ ጫፏ ላይ ግን ቱቦ ገና አልተዘረጋም። ፈረንሳውያኑ ተመራማሪዎች ሞሬልና ማርታን እ.ኤ.አ. በ1952 ቫይረስ ከያዘ ዳሊያ ንጹሕ ተክል ያወጡት በዚህ መንገድ ነው።

ሰዎች የሚያደባልቁት ነገር እዚህ ላይ አለ፤ ለእኔም የጉዳዩ ዋና ክፍል ይኸው ነው። ከበሽታ የጸዳ ተክልና በሽታን የሚቋቋም ተክል አንድ አይደሉም። በንጽሕና የወጣች ጄራኒየም የተበከለ አፈር ላይ ብትተከል እንደማንኛዋም ትታመማለች። የሚቋቋም ዝርያ ለማግኘት ሌላ ድካም አለ፦ ብዜቱ ራሱ በሕዋሳት መካከል የሚፈጥረውን ልዩነት ማየት፣ ወይም በሽታ አምጪ ፈንገስ የሚያመነጨውን መርዝ ከምግቡ ጋር ቀላቅሎ የተረፉትን መምረጥ። በካርኔሽን አበባ ላይ ፉሳሪየም የተባለ ፈንገስ የሚያመጣውን መጠውለግ ለመቋቋም ይህ ተሞክሯል። ጠርሙስ ውስጥ የተቋቋመ ሁሉ ግን ማሳ ላይ አይጸናም፤ አድጎ በአፈር ላይ እንደገና መፈተን አለበት።

በካቲንግ የሚሄድ በሽታ ድንበርም ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከኬንያ ወደ አሜሪካ በተላከ የጄራኒየም ካቲንግ ውስጥ ራልስቶኒያ የተባለ አጠውላጊ ባክቴሪያ ተገኝቶ፣ በርካታ ግሪን ሃውሶች ተክላቸውን ለማስወገድ ተገደዱ። ያው ባክቴሪያ ድንችንም ይገድላል። ካቲንግ ወደ ውጭ የሚልኩ እርሻዎች ላሏት፣ ድንችንም በሰፊው ለምታመርት አገራችን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ሙያው አገር ውስጥ አለ። ሆለታ የሚገኘው ብሔራዊ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል በቲሹ ካልቸር ይሠራል፤ በአገራችን ድንችና እንሰትም በዚህ መንገድ ተባዝተዋል። የመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ጠርሙስ መያዝ አይጠበቅበትም። ከጸዳ ምንጭ የመጡ ጥቂት እናት ተክሎች፣ ከሌላው ተለይተው የሚቆሙበት ንጹሕ አፈር፣ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሻገር ቢላውን የሚነክርበት በውሃ የቀጠነ በረኪና ካገኘ፣ የሚሸጠው አበባ በጤና ይደርሳል።